«47 ክሬዲት ይዤ ሄጄ ግማሹ ለምን አይቆጠርልኝም?»

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሰሜን ቨርጂኒያ ነው። ቀን እሠራለሁ፤ ማታ ማታ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ እማራለሁ። የያዝኩት ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ሲሆን እስካሁን 47 ክሬዲት ወስጃለሁ። ሐሳቤ ወደ ዩኒቨርሲቲ ተሻግሬ በኮምፒውተር ሳይንስ መመረቅ ነው። በቅርቡ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተቀበለኝ፤ የላከልኝ ወረቀት 44 ክሬዲት ተቀብለናል ይላል። አድቫይዘሯን ሳነጋግር ግን ለዲግሪህ የሚቆጠረው 22 ብቻ ነው አለችኝ። ይሄ ማጭበርበር አይደለም ወይ? አገር ቤት ሁለት ዓመት ሲቪል ኢንጂነሪንግ ተምሬ ነበር። ውጤቴ ብዙም ስላልነበር ጓደኞቼ ‹ጂፒኤህን ያወርድብሃል› ብለውኝ ጭራሽ አላሳወቅኩም። አሁን ደግሞ አንድ የግል ኮሌጅ ‹ሁሉንም ክሬዲት እንቀበልልሃለን› እያለ ይደውልልኛል። ወደዚያ ልሂድ? የኮርሶቼን ዝርዝር አያይዣለሁ።»

ምላሽ፦

ማጭበርበር አይደለም። 44ም ትክክል ነው፣ 22ም ትክክል ነው። የሚለኩት ነገር ግን የተለያየ ነው።

የመጀመሪያው ቁጥር የመጣው ከሬጂስትራር ነው። ሬጂስትራር የሚያየው ሦስት ነገር ነው፦ ኮሌጁ ዕውቅና አለው ወይ፣ ኮርሱ የኮሌጅ ደረጃ ነው ወይ፣ ውጤቱስ ሲ ወይም ከዚያ በላይ ነው ወይ። ይህን ያለፈ ኮርስ ሁሉ «ተቀባይነት አግኝቷል» ተብሎ ትራንስክሪፕት ላይ ይሰፍራል። ሁለተኛው ቁጥር የዲፓርትመንቱ ነው። ዲፓርትመንቱ የሚጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ይህ ኮርስ ከኮምፒውተር ሳይንስ ዲግሪ ውስጥ የትኛውን ክፍት ቦታ ይሞላል? ከአገር ቤት የመጣ ሻንጣ ጉምሩክ ስላለፈ ብቻ፣ ውስጡ ያለው ልብስ ሁሉ ለክረምቱ ይሆናል ማለት አይደለም። የእርስዎም የተቀረው 22 ክሬዲት አልፏል፤ የሚገባበት ቦታ ግን የለውም። ስለዚህ «ኢሌክቲቭ»፣ ማለትም ተማሪ በምርጫው የሚወስደው ኮርስ፣ የሚል ስም ተሰጥቶት ተቀመጠ። ኮምፒውተር ሳይንስ ደግሞ ብዙ ነፃ ኢሌክቲቭ የሚፈቅድ ሜጀር አይደለም።

ዝርዝሩን ተራ በተራ አየሁት። ዲ ያመጡበት ባለ ሦስት ክሬዲት ኮርስ መጀመሪያውኑ ወድቋል፤ 47ቱ 44 የሆነው በእሱ ነው። ሁለቱ የእንግሊዝኛ ኮርሶች፣ ኮሚዩኒኬሽን፣ ታሪክ፣ ኢኮኖሚክስ፣ ባዮሎጂ ከነላቦራቶሪው እና የመጀመሪያው የፕሮግራሚንግ ኮርስ ተደምረው 22 ይሆናሉ። እነዚህ ያለ ችግር ገብተዋል። የተቀሩት ኮምፒውተር ጥገና፣ ኔትወርክ፣ ሄልፕ ዴስክና የመሳሰሉት ስድስት የቴክኒክ ኮርሶች፣ አንድ የሒሳብ ኮርስ እና አዲስ ተማሪዎች የሚወስዱት ባለ አንድ ክሬዲት ኦሪየንቴሽን ናቸው።

የሒሳቡ ኮርስ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የብዙ ሰው ችግር የሚጀምረው እዚያ ነውና። የወሰዱት ኤምቲኤች 154 ነው። በሚገባ የኮሌጅ ሒሳብ ነው። ታሪክ ወይም ሶሲዮሎጂ ለሚማር ሰው የሒሳብ ግዴታውን ሊዘጋለት ይችላል። ኮምፒውተር ሳይንስ ግን የሚነሣው ከካልኩለስ አንድ ነው፤ በቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ኤምቲኤች 263 ይባላል። ከ154 ወደ 263 የሚያሻግር ድልድይ የለም። የሚያሻግሩት 161 እና 162፣ ወይም ሁለቱን በአንድ የጠቀለለው 167 ናቸው። እንግዲህ ሁለት ተማሪ በአንድ ሴሚስተር፣ አንድ ሕንፃ ውስጥ፣ ሁለቱም ሒሳብ ተምረው ሁለቱም ኤ ሊያመጡ ይችላሉ። አንዱ ወደ ኮምፒውተር ሳይንስ አንድ እርምጃ ሄዷል፤ ሌላው ባለበት ቆሟል። ሲመዘገቡ ይህን የነገረዎት ሰው አለመኖሩ ያሳዝነኛል። መጠየቅ የነበረበት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ «መጨረሻ ላይ በምን መመረቅ ነው የምትፈልገው?»

የቴክኒክ ኮርሶቹ ነገር ከዲግሪው ዓይነት ጋር የተያያዘ ነው። የያዙት ፕሮግራም ኤኤኤስ ነው፤ አሶሲየት ኦፍ አፕላይድ ሳይንስ። ይህ ዲግሪ የተሠራው ተምሮ ወዲያው ሥራ ለሚገባ ሰው ነው። ወደ ዩኒቨርሲቲ እንዲያሻግሩ የተሠሩት ኤኤ እና ኤኤስ የሚባሉት ናቸው። የኤኤኤስ ትምህርት ዝቅ ያለ ነው ማለቴ አይደለም፤ በዚህ ዲግሪ ጥሩ ደመወዝ የሚያገኙ ብዙ ወገኖቻችን አሉ፣ ኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) የሚሰጠው የነርሲንግ ዲግሪ ራሱ ኤኤኤስ ነው። መድረሻው ሌላ ነው ማለቴ ነው። ቨርጂኒያ ከ2021 ጀምሮ ጂ3 በሚባለው ፕሮግራም የገቢ መስፈርቱን ለሚያሟሉ ነዋሪዎቿ በአይቲ፣ በጤናና በመሰል ሙያዎች የኮሌጅ ክፍያ ትሸፍናለች። ጥሩ ዕድል ነው። ነገር ግን «በነፃ ነው» ተብሎ ብቻ የተገባበት ፕሮግራም በኋላ ዩኒቨርሲቲ ላይ ብዙ ሊያስከፍል ይችላል።

ይህ በእርስዎ ብቻ የደረሰ እንዳይመስልዎት። የአሜሪካ ኮንግረስ የኦዲት መሥሪያ ቤት በ2017 ባወጣው ሪፖርት ከ2004 እስከ 2009 ከተቋም ወደ ተቋም የተዛወሩ ተማሪዎች በአማካይ 43 በመቶ የሚሆነውን ክሬዲታቸውን እንዳጡ ገምቷል። ከመንግሥት ትምህርት ቤት ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት የሄዱት እንኳን 37 በመቶ አጥተዋል። ለትርፍ ከሚሠሩ የግል ኮሌጆች ወደ መንግሥት የተዛወሩትስ? 94 በመቶ። ይህችን የመጨረሻዋን ቁጥር ያዙልኝ፤ ስለሚደውልልዎት ኮሌጅ ሳነሣ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ አገር ቤቱ ትምህርት ልምጣ፤ ከጥያቄዎ ሁሉ ያሳሰበኝም፣ ተስፋ የሰጠኝም እሱ ነውና።

ጓደኞችዎ የነገሩዎት ስህተት ነው። በአብዛኛው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የሚሻገረው ክሬዲቱ ነው፤ ውጤቱ ተሻግሮ ከአዲሱ ጂፒኤ ጋር አይደባለቅም። አዲሱ ጂፒኤ እዚያው ከወሰዱት የመጀመሪያ ኮርስ ይጀምራል። የድሮውን ውጤት የቅበላ ክፍሉ ሊያየው ይችላል፤ ያ እውነት ነው። ግን የቅርብ ጊዜ ጥሩ ውጤት ይዞ ለሚመጣ ሰው ከብዙ ዓመት በፊት አገር ቤት የመጣ ሲ መንገድ የሚዘጋ ነገር አይደለም።

መንገድ የሚዘጋው መደበቁ ነው። ማመልከቻው ላይ «ከሁለተኛ ደረጃ በኋላ የተማሩባቸውን ተቋማት በሙሉ ይዘርዝሩ» ይላል። «የጨረሱባቸውን» አይልም፤ «አሜሪካ ያሉትን» አይልም። ከታች ደግሞ እውነት መሆኑን አረጋግጠው ፈርመዋል። በኋላ ከታወቀ ቅበላ ሊሰረዝ ይችላል፤ ከዚያም የከፋ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ትምህርት ከመጀመርዎ በፊት ለቅበላ ክፍሉ አጭር ኢሜይል ይጻፉ። ማመልከቻውን ስሞላ ይህን ተቋም አላካተትኩም፣ ትራንስክሪፕቱን በማስመጣት ላይ ነኝ፣ መዝገቤ ይስተካከልልኝ፤ ይኸው ነው። ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም። ራሱ ቀድሞ ያስተካከለ ሰውና ተይዞ የሚጠየቅ ሰው አንድ ዓይነት አይታዩም።

እዚህ ላይ ለሌሎች አንባቢዎችም አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። እርስዎ ሳይመረቁ ስለወጡ አይነካዎትም። አገር ቤት የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ የመጣ ሰው ግን፣ ዲግሪው እዚህ ቢተረጎምም ባይተረጎምም፣ ፔል ግራንት የሚባለው የፌዴራል መንግሥት የትምህርት እርዳታ አይገባውም። ፋፍሳ በሚባለው የእርዳታ ማመልከቻ ላይ «ዲግሪ የለኝም» ብሎ ሞልቶ ገንዘቡን መውሰድ ለፌዴራል መንግሥት ሐሰተኛ መረጃ መስጠት ነው። ማንም ምንም ቢላችሁ አታድርጉት።

ተስፋ የሰጠኝ ደግሞ ይህ ነው። ሲቪል ኢንጂነሪንግ ሁለት ዓመት ከተማሩ አፕላይድ ማቲማቲክስ አንድና ሁለት ወስደዋል ማለት ነው። የመጀመሪያው ውስጥ ቬክተር፣ ማትሪክስ፣ ሊሚት፣ ዴሪቬቲቭ እና ኢንቴግራል አለ። ሁለተኛው ወደ ሲሪስና ከአንድ በላይ ተለዋዋጭ ወዳላቸው ፈንክሽኖች ይሄዳል። አሁን ዩኒቨርሲቲው «የለህም» የሚልዎት ካልኩለስ አብዛኛው እዚያ ውስጥ ነው። የደበቁት ትራንስክሪፕት፣ ከያዙት 22 ኢሌክቲቭ ይበልጥ ለኮምፒውተር ሳይንስ የሚጠቅም ነገር ይዟል።

ግን በራሱ አይቆጠርም፤ ሥራ አለው። መጀመሪያ ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕት ያስፈልጋል። በእጅዎ ያለው የተማሪ ኮፒ አያገለግልም፤ ከዩኒቨርሲቲው ሬጂስትራር በቀጥታ የውጭ አገር ትምህርትን በአሜሪካ መለኪያ ለሚመዝነው ገምጋሚ ድርጅት መላክ አለበት። የወጪ መጋራት ዕዳ ካለብዎት ኦፊሴላዊውን ከመስጠታቸው በፊት እሱን ማጣራት ይጠይቃሉ። አገር ቤት ሄዶ የሚያስፈጽምልዎት ዘመድ ካለ ዋሽንግተን ዲሲ በሚገኘው ኤምባሲ በኩል ውክልና ይላኩለት፤ ውክልናው ላይ «ትራንስክሪፕት ማውጣትና የወጪ መጋራት ማስጨረስ» የሚለው በግልጽ ይጻፍ። ጊዜ የሚበላው ይህ ስለሆነ ዛሬ ይጀመር።

ስም ላይም ይጠንቀቁ። አገር ቤት መዝገቡ የእርስዎን፣ የአባትዎንና የአያትዎን ስም በተርታ ይይዛል። እዚህ ግን አንዱ ሰው የአባቱን ስም ላስት ኔም አድርጎ ይመጣል፣ ሌላው የአያቱን። በዚያ ላይ የላቲን አጻጻፉ ከመታወቂያ መታወቂያ ይለያያል። አንዲት ፊደል ተለይታ ፋይሉ ለወራት የተንጠለጠለበት ሰው በተደጋጋሚ ይገጥመኛል። ለገምጋሚው ድርጅት ሲያመለክቱ ሁለቱንም አጻጻፍ ያሳውቁ፤ ፓስፖርትዎንም አያይዙ።

ግምገማውን ሲያዝዙ ኮርስ በኮርስ የሚባለውን ይምረጡ። ርካሹ ዓይነት «ይህ ሰው ሁለት ዓመት ተምሯል» ብሎ ብቻ ስለሚያበቃ ለክሬዲት አይጠቅምም። ድርጅቱ ኤንኤሲኢኤስ በሚባለው ማኅበር ውስጥ አባል መሆኑንና የእርስዎ ዩኒቨርሲቲ የሚቀበለው መሆኑን ከመክፈልዎ በፊት ያረጋግጡ። የተማሩት በሞጁላር ሥርዓት ከሆነ ትራንስክሪፕቱ ላይ ያለው ቁጥር ኢሲቲኤስ የሚባለው የአውሮፓ የክሬዲት መለኪያ ነው። በእሱ የአንድ ዓመት ሙሉ ትምህርት 60 ሲሆን እዚህ ደግሞ 30 ነው። ስለዚህ ቁጥሩ በግማሽ ሲወርድ አይደንግጡ፤ ማንም አልወሰደብዎትም። ገምጋሚው የሚሰጠው ምክረ ሐሳብ እንደሆነም ይወቁ። የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ዩኒቨርሲቲው ነው።

ዩኒቨርሲቲው አፕላይድ ማቲማቲክስን አይቶ «ሒሳብ፣ ኢሌክቲቭ» ብሎ ሊያስቀምጠው ይችላል፤ ስሙ ካልኩለስ አይልምና። ያኔ ነው ፔቲሽን፣ ማለትም ውሳኔው እንደገና እንዲታይ የሚቀርብ ማመልከቻ፣ የሚያስፈልገው። ፔቲሽን የሚያሸንፈው በልመና አይደለም፤ በሲላበስ ነው። ሲላበሱ በየሳምንቱ ምን እንደተሸፈነ፣ መማሪያ መጽሐፉን፣ የክፍለ ጊዜውን ብዛትና የፈተናውን አሰጣጥ ማሳየት አለበት። አጭር መግለጫ ብቻ አይበቃም። ትራንስክሪፕቱን የሚያወጣልዎት ዘመድ በዚያው ወደ ዲፓርትመንቱ ጎራ ብሎ እርስዎ በተማሩበት ዓመት የነበረውን ኮርስ አውትላይን ማኅተም አስደርጎ ይያዝ። ከዚያ የእነሱን ካልኩለስ ሲላበስና የእርስዎን ጎን ለጎን አድርገው ያቅርቡ፤ ርዕሱን በርዕሱ ያመላክቱ። ፔቲሽን የሚያነብ መምህር ፈልጎ እንዲያገኝ አይተዉት።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር በግልጽ ልንገርዎት። ያን ሒሳብ ከተማሩ ዓመታት ካለፉ፣ ክሬዲቱን ማግኘትና ቀጣዩን ኮርስ መቻል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ካልኩለስ አንድ ተቆጥሮልኛል ብለው በቀጥታ ካልኩለስ ሁለት ገብተው ቢወድቁ ያተረፉት የለም። በበጋ እረፍት ቁጭ ብለው የድሮውን ይከልሱ፤ ጥያቄዎቹን ያለ እርዳታ መሥራት ከቻሉ ይሂዱ። ካልቻሉ 263ን እንደገና መውሰድ አያሳፍርም። ብቻ ሁለት ጊዜ እንደማይቆጠር ይወቁ።

የቴክኒክ ኮርሶቹንስ በፔቲሽን ማስመለስ ይቻላል? የኔትወርኩን ኮርስ ይሞክሩት፤ ኪሳራ የለውም። የኮምፒውተር ጥገናና የሄልፕ ዴስክ ግን ኮምፒውተር ሳይንስ ውስጥ አቻ ኮርስ ስለሌላቸው ጊዜዎን አያጥፉባቸው። የዲውም ነገር አከራካሪ አይደለም።

አሁን የሚደውልልዎት ኮሌጅ። ሁሉን እቀበላለሁ ማለት ለሱ ቀላል ነው፤ መቀበልና መቁጠር የተለያዩ መሆናቸውን ከላይ አይተናል። ሁለት ጥያቄ በጽሑፍ ይጠይቁት። እያንዳንዱ ኮርሴ የትኛውን የዲግሪ ግዴታ ይሞላል? የእናንተን ክሬዲት የሚቀበሉ የቨርጂኒያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች እነማን ናቸው? በስልክ የሚነግርዎት አይቆጠር፤ በጽሑፍ ካልሰጠ መልሱ ያው ነው። ለትርፍ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ያችን 94 በመቶ ያስታውሱ። እዚያ ገብተው ሐሳብ ቢቀይሩ ወደ ኋላ የሚመለሱበት በር በጣም ጠባብ ነው። ተማሪው ይወጣል፣ ብድሩ ግን አብሮት ይወጣል። አይሂዱ።

የቀሩት መንገዶች ሦስት ናቸው። አንዱ አሁን በተቀበለዎት ዩኒቨርሲቲ 22 ክሬዲት ይዞ መግባት ነው። ከ120 ሲቀነስ 98 ይቀራል፤ ሙሉ ጊዜ ለሚማር ሰው ከሦስት ዓመት በላይ ነው፣ ቀን እየሠሩ ደግሞ ይረዝማል። ከዚህ ውስጥ ብዙው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ውስጥ ከግማሽ በታች በሆነ ክፍያ ሊወሰድ የሚችል ነው። ሁለተኛው ኤኤኤሱን ጨርሶ ባችለር ኦፍ አፕላይድ ሳይንስ ወደሚሰጥ ዩኒቨርሲቲ መሄድ ነው። ጆርጅ ሜሰን በዚህ ዓይነት የሳይበር ሴኪዩሪቲ ዲግሪ አለው፤ የቴክኒክ ኮርሶችዎ ዋጋ የሚያገኙት እንዲህ ባለው ነው። በሜሪላንድ በኩል ዩኤምጂሲ የሚባለው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ እስከ 70፣ በድምሩ ደግሞ እስከ 90 የሚደርስ ክሬዲት ይቀበላል። ዓላማዎ በአይቲ ወይም በሳይበር ሥራ መያዝ ቢሆን ኖሮ ያለ ማመንታት ይህን እመክርዎት ነበር። ኮምፒውተር ሳይንስን እስከ ማስተርስ እማራለሁ ካሉ ግን ሒሳቡን ወደ ኋላ ያስተላልፈዋል እንጂ አያስቀረውም።

ሦስተኛው ባሉበት ኮሌጅ ፕሮግራም መቀየር ነው፤ ከአይቲ ኤኤኤስ ወደ ኮምፒውተር ሳይንስ ኤኤስ። የእኔ ምክር ይህ ነው። 22ቱ ክሬዲት እዚያም ይቆጠሩልዎታል፤ ዲግሪው 60 ገደማ ስለሆነ የሚቀርዎት ከ40 ያነሰ ነው። የአፕላይድ ማቲማቲክሱ ክሬዲት ከመጣ ደግሞ ይቀንሳል። ኤኤሱን ጨርሰው ሲወጡ የቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ጋር በተፈራረሙት የተረጋገጠ ቅበላ ስምምነት መጠቀም ይችላሉ። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የራሱ ዝቅተኛ ጂፒኤ አለው፤ ያን ካሟሉ ቅበላው የታወቀ ነው። ዲግሪ ይዞ ለሚሻገር ተማሪ ስቴቱ የሚሰጠው የትራንስፈር ግራንትም አለ። የሚማሩት ኖቫ ከሆነና ጆርጅ ሜሰንን ካሰቡ፣ ሁለቱ ከ2018 ጀምሮ አድቫንስ የሚባል የጋራ ፕሮግራም አላቸው። የትኛውን ኮርስ በየትኛው ሴሚስተር እንደሚወስዱ ከመጀመሪያው ተጽፎ ይሰጥዎታል። የሚገባበት በጊዜ ነውና፣ በያዙት ክሬዲት አሁንም ይቀበሉዎት እንደሆነ ይህን ሳምንት ይጠይቁ። ባይቀበሉዎትም የስምምነቱ መንገድ ክፍት ነው።

ፕሮግራም ሲቀይሩ ሁለት ነገር ይያዙ። ኮምፒውተር ሳይንስ የሚያልቀው በክሬዲት ብዛት አይደለም፤ በሰንሰለቱ ርዝመት ነው። ካልኩለስ አንድ ሳያልቅ ሁለት አይወሰድም። ከፕሮግራሚንግ ኮርሶቹም ሲኤስሲ 221 ሳያልቅ 222፣ እሱ ሳያልቅ 223 አይወሰድም። ስለዚህ በየሴሚስተሩ አንድ ሒሳብና አንድ ፕሮግራሚንግ ሳይዙ አይመዝገቡ፤ ታሪክና ኢኮኖሚክስ የትም አይሄዱም። ሌላው የፋይናንስ ነገር ነው። ፔል ግራንት በዕድሜ ልክ የ12 ሙሉ ሴሚስተር ገደብ አለው። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ የዲግሪውን ርዝመት 150 በመቶ ካለፉ እርዳታ ያቆማል፤ ለ120 ክሬዲት ዲግሪ፣ ያለፉትም የወደቁትም ተደምሮ፣ 180 የተሞከረ ክሬዲት ማለት ነው። የተቀበሉልዎት የትራንስፈር ክሬዲቶች በዚህ ውስጥ ይቆጠራሉ። የእርስዎ ገና ሩቅ ነው፤ ግን ከአሁን በኋላ ያለ ዕቅድ የሚወሰድ ኮርስ መኖር የለበትም።

የተቀበለዎትን ዩኒቨርሲቲ ዝም ብለው አይቅሩበት። ቅበላውን ማስተላለፍ ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ፤ ካልተቻለ በጨዋ ደንብ አልመጣም ብለው ያሳውቁ። ስለ አገር ቤቱ ትምህርት የሚጻፈው ኢሜይል ግን የትኛውንም መንገድ ቢመርጡ ይላካል፤ ለኮሚዩኒቲ ኮሌጅዎም ጭምር። ከዚያ አድቫይዘርዎ ጋ ሲሄዱ «ምን ልውሰድ?» ብለው አይጀምሩ። ትራንስፈር ቨርጂኒያ የሚባለው የስቴቱ ድረ ገጽ ላይ ገብተው የሚሄዱበትን ዩኒቨርሲቲና ኮምፒውተር ሳይንስን መርጠው የሚወጣውን የኮርስ ዝርዝር ያትሙት። ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡና በያንዳንዱ ኮርስ ላይ «ይህ የትኛውን ቦታ ይሞላልኛል?» ብለው ይጠይቁ። መልሱን በኢሜይል እንዲልኩልዎት ይጠይቁ፤ የሚቀጥለው ሴሚስተር ምዝገባም ከዚያ በኋላ ይሁን።